ለአባቴ ጆሮ የእግር ኳስ ሬዲዮ ለላከልን ድርጅት

ለክቡር የማለፊያ ኦንላይን ጨረታ ድርጅት የቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ባልደረቦችዎም በሙሉ ጤና እንድትገኙ ከልቤ እመኛለሁ። በተለይ የጆሯችሁን ጤና አላህ እንዲጠብቅላችሁ እለምናለሁ፤ ጆሮው የደከመ ሰው እንደ እኛ የእናንተን ደጅ መጥናት ሊኖርበት ይችላልና፣ ይህን ደግሞ ለማንም አልመኝም። በስምዎ ጠርቼ ሰላም ባለማለቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስምዎን ደጋግሜ ጠይቄ "የኃላፊ ስም ለደንበኛ አይሰጥም" ስለተባልኩ ማዕረግዎን ብቻ ይዤ ለመቅረብ ተገድጃለሁ። በግል የላክሁልዎት መልእክቶችም ሁሉ "ቅሬታዎ ተሰምቷል፤ እናመሰግናለን" የሚል ተመሳሳይ መልስ ስላገኙ፣ እርስዎን ከእንግዲህ ላለማድከም፣ ጎረቤትም መንገደኛም እንዲያነበው በአደባባይ መጻፉን መርጫለሁ።

ሱመይራ ረሻድ እባላለሁ። ዲላ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን የአባቴን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የምመራ ሴት ነኝ። አባቴ ሐጂ ረሻድ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ አቡጀዲ በትከሻቸው ተሸክመው እየዞሩ በመሸጥ ጀምረው ሱቅ ለመክፈት የበቁ ሰው ናቸው። የዚያ ሱቅ ትልቁ ሀብት ጨርቁ ሳይሆን የአባቴ ጆሮ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከቡሌ የወረደ ገበሬ ገና በሩ ላይ ቆሞ በጌዴኦኛ ሰላም ሲል፣ አባቴ ፊታቸውን ከመደርደሪያው ሳያዞሩ በስሙ ጠርተው ስለ እንሰቱና ስለ ልጆቹ ይጠይቁት ነበር። በዋጋ ክርክርም መሃል የደንበኛው ድምፅ የምትለዝብበትን ቅጽበት ያውቋታል፤ እሷን ጠብቀው ጥቂት ይቀንሱለታል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ያ ጆሮ ደከመ። ሦስት ሜትር ሲባሉ ስድስት ሜትር ይቆርጡ ጀመር፤ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ተመልሶ አይቀጠልም። መጀመሪያ ስህተቱን በሳቅ አለፍነው። ቀጥሎ ሰዎች የሚሏቸውን ሳይሰሙ ራሳቸውን መነቅነቅ፣ ሌላው ሲስቅ አብረው መሳቅ ለመዱ። በመጨረሻም "ወገቤን አመመኝ" ብለው ሱቅ መምጣታቸውን አቆሙ። ወገባቸው ደህና እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገር? ሐዋሳ ወስጄ ያሳየኋቸው ሐኪም ጆሯቸው ፈጽሞ እንዳልጠፋ፣ የመስሚያ መሣሪያ ቢያገኙ ብዙ እንደሚረዳቸው ነገረኝ። የአዲሱን ዋጋ ስሰማ ግን ለአፍታ እኔም ጆሮዬ ጭው አለብኝ።

በዚህ መካከል የታናሽ እህቴ የሒባ የኒካህ ቀን ተቆረጠ። በእኛ ሥርዓት ሴት ልጅን የሚድራት አባቷ ነው፤ ከሙሽራው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ "ልጄን ድሬልሃለሁ" ይላል፣ ሙሽራውም "ተቀብያለሁ" ይላል፣ ያንን ሁለቱም መስማት አለባቸው። አጎታችን ዘከርያ ለደግ አስበው "ሐጂ እንዳይቸገር እኔ ወኪል ሆኜ ልዳራት" ሲሉ አባቴ እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሒባ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ነገሩን ስትደግምላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። "በሕይወት እያለሁ?" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም በዚያው ምሽት ስልኬን ይዤ የመስሚያ መሣሪያ ፍለጋ ገባሁ፤ አላህ በወሰነው መንገድም ከእናንተ ጋር ተገናኘን።

ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በጨረታችሁ ገጽ ላይ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል፣ የሰው ቆዳ መልክ ያለው መሣሪያ ፎቶ ነበር። ከሥሩ "የመስሚያ መሣሪያ፣ ጆሯቸው ለደከመ አዛውንት የሚሆን፣ በሐኪም የተረጋገጠ፣ እንደ አዲስ" ይላል። ከማላውቃቸው ተጫራቾች ጋር ስታገል ቆይቼ አሸነፍኩ፤ "እንኳን ደስ አለዎት!" የሚል መልእክት ርችት ከሚተኮስበት ሥዕል ጋር ላካችሁልኝ። ስለ ርችቱ አመሰግናለሁ፤ ከላካችሁልኝ ነገር ሁሉ እንደ መግለጫው የሆነው እሱ ብቻ ነው።

ዕቃው በአውቶቡስ መጥቶ መናኸሪያ ተቀበልኩት። ሳጥኑን ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ሁላችንም ባለንበት ከፈትነው። ውስጡ ያለው በፎቶው ላይ ካየሁት ጋር የማይመሳሰል፣ ጥቁር፣ የባቄላ ፍሬ የምታክል፣ አንዲት ቁልፍ ያላት ነገር ነበረች። ሞዴሉ የተለየ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አባቴ ለዚያ ቀን ንጹሕ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ወንበራቸውን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ተቀምጠዋል። በቀኝ ጆሯቸው አስገባሁላቸውና ቁልፏን ተጫንኩ።

የአባቴ ዓይን በአንዴ በራ። እጃቸውን አንሥተው ዝም እንድንል አመለከቱን፤ ቀድሞውንም ዝም ብለን ሳለን ማለቴ ነው።

"ሰው አለ" አሉ።

ሒባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ ትንሽ አዳመጡና፣ ለረጅም ጊዜ ያልሰማነውን የሱቃቸውን ድምፅ አውጥተው "ወዓለይኩም ሰላም" ብለው መለሱ። ቆየት ብለው ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሱመይራ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው? ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው? ማን ሞቶበት ነው?"

መሣሪያዋን አውጥቼ በራሴ ጆሮ አስገባሁ። ክቡር ሆይ፣ የሞተ ሰው አልነበረም፤ ጎል ተቆጥሮ ነበር። የላካችሁልን በጆሮ የሚሰካ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ነው። ሒባ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። አባቴ ሳቋንም እንባዋንም አዩ፤ ምንም ሳይጠይቁ ዕቃዋን ከእጄ ተቀብለው ወደ ሳጥኗ መለሱ፣ ክዳኑን ቀስ አድርገው ገጠሙና "ለሌላ ሰው ነው የተላከው፤ በስህተት መጥቶ ነው፤ ባለቤቱ ይፈልገዋል፤ መልሱለት" አሉ። አባቴ ሕይወታቸውን በሙሉ ነግደው እንዲህ ያለ ነገር ሆን ተብሎ ሊደረግ ይችላል ብለው ማሰብ አልቻሉም። እኔ ግን እናንተን ስለማውቃችሁ አልቸገረኝም።

ሁለተኛ፦ ገንዘቤ እንዲመለስ ጠየቅሁ። የድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ፣ ራሱን አሌክስ ብሎ ያስተዋወቀኝ ትሑት ወጣት፣ ደወለልኝ። ለትሕትናው ምስጋናዬ ይድረሰው፤ እንዲህ ባለ ጨዋነት ተቀልዶብኝ አያውቅም።

"እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ። ዕቃው ድምፅ ያሰማል ወይስ አያሰማም?"

"ያሰማል። የሚያሰማው ግን የሬዲዮ ድምፅ ነው" አልኩት።

"ድምፅ ካሰማ መስሚያ ነዋ። መግለጫው 'የመስሚያ መሣሪያ' ነው የሚለው፤ ምን እንደሚያሰማ አልተጻፈም።"

"ጆሯቸው ለደከመ አዛውንት የሚሆን ይላል እኮ!"

"አዛውንቶች ሬዲዮ ይወዳሉ እህቴ።"

ክቡር ሆይ፣ ይህን መልስ ከሰማሁ በኋላ ስልኩን ዘግቼ ግቢ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተመላለስኩ። ከጎረቤታችን ከመምህርት አመለወርቅ ጋር የሚያዋስነን የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ብቻዬን ስናገር ሰምታኝ ኖሮ "ሱሚ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?" አለችኝ። "ከማለፊያ ጨረታ ጋር" አልኳት። "በአካል መጥተዋል እንዴ?" አለች። አልመጡም፤ አይመጡምም። ከእናንተ ጋር የሚጣላ ሰው ከቆርቆሮ ጋር ከመጣላት በቀር ምርጫ የለውም።

አመለወርቅ ዜግነትና ግብረ ገብ የምታስተምር፣ ደንብ የሚባል ነገር እስከ መጨረሻው መስመር ካላነበበች የማትተኛ ሴት ናት። አጥሩን ዞራ መጣችና ስልኬን ተቀብላ፣ ሰው ሁሉ "ተስማምቻለሁ" ብሎ የሚያልፈውን የእናንተን ውል ቁጭ ብላ አነበበችው። እዚያ ውስጥ በግልጽ አማርኛ "ዕቃው ከመግለጫው ጋር የማይስማማ ሆኖ ከተገኘ ገዢው ሙሉ ገንዘቡን ያገኛል" የሚል አንቀጽ አገኘች። "ይኸው! ራሳቸው የጻፉት ነው፤ ይከፍሉሻል" ብላ በደስታ ጭኔን መታችኝ። ሃያ ዓመት ግብረ ገብ ያስተማረች ሴት መሆኗን አይርሱብኝ። አንቀጹን ገልብጠን ከዕቃው ፎቶና ከሐኪሙ ማስረጃ ጋር ላክንላችሁ።

ሦስተኛ፦ ማስረጃችን ከደረሳችሁ በኋላ የሰጣችሁት ውሳኔ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ "ገንዘቡ ተመላሽ እንዲሆን ተጠቃሚው ራሳቸው፣ ያለ ቤተሰብ እርዳታ፣ በስልክ ቀርበው መስማት አለመቻላቸውን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።" ደጋግሜ አነበብኩት። ለአመለወርቅም አስነበብኳት፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አነበበች። መስማት የተሳነው ሰው በስልክ ተጠይቆ፣ የተጠየቀውን ሰምቶ፣ አለመስማቱን እንዲመሰክር። ይህን ሐሳብ ያፈለቀው ባልደረባችሁ ማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ፣ እጁን ጨብጬ ዓይኑን ለማየት ብቻ አዲስ አበባ ድረስ እመጣ ነበር።

ሌላ መንገድ ስላልነበረን ተስማማን። የደወላችሁት እኩለ ቀን ላይ፣ እኔ ሱቅ ሳለሁ ነው። ሒባ ስፒከሩን ከፍታ ስልኩን ለአባቴ ሰጥታ፣ እንደ ትእዛዛችሁ ከአጠገባቸው ራቅ ብላ ቆመች። የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። አባቴ ስልኩን ተቀብለው፣ ከወዲያ ማን እንዳለ ሳያውቁ፣ ሃምሳ ዓመት ሰውን በተቀበሉበት ወግ ጀመሩ።

"ሃሎ፣ እንደምን ናችሁ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና?"

የእኛ አገር ሰላምታ እንዴት እንደሆነ ያውቁታል፤ ጆሮ አያስፈልገውም። አንዱ ይጠይቃል፣ ቆም ይላል፣ ሌላው መመለሱ አይቀርም፤ ቀጥሎ ደግሞ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናሙ ይጠያየቃሉ። አባቴ በየመሃሉ የሚገባውን ያህል ዝም እያሉ ጠየቁ፣ ልጃችሁም አሌክስ መለሰ። እሱ "አባቴ፣ እኔ የምለው ይሰማዎታል?" ብሎ ሲጠይቅ የአባቴ ተራ ሆነና "አልሐምዱሊላህ፣ እኛ በጣም ደህና ነን" አሉ። ሒባ ከስፒከሩ የሚወጣውን ሁሉ ትሰማለች፤ መናገር ግን ተከልክላለች። "እንዴ! አልሰሙህም እኮ!" ብላ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አባቴ ጨዋታውን ጨርሰው፣ መርቀው፣ ስልኩን ዘጉት። ፊታቸው ላይ ትልቅ ፈገግታ ነበር፤ "ጨዋ ልጅ ነው፤ የማን ልጅ ይሆን?" አሉ።

በማግስቱ የደረሰን ደብዳቤ ይኸው፦ "ተጠቃሚው ጥሪውን ተቀብለው ረዘም ላለ ጊዜ አነጋግረውናል። 'ይሰማዎታል?' ተብለው ሲጠየቁም አላህን በማመስገን በአዎንታ መልሰዋል። ስለሆነም መሣሪያው በሚገባ እየሠራ መሆኑ ስለተረጋገጠ ጥያቄዎ ውድቅ ሆኗል።"

ቁጥር መቁጠሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው በቁጥር የሚያዝ አይደለም።

የኒካሑ ቀን ደረሰ። ሳሎኑ በወንዶች ተሞላ፤ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃ ጀርባ ነን፤ አመለወርቅም ነጠላዋን አጣፍታ ከእኛ ጋር ተቀምጣለች። አጎቴ ዘከርያ ወኪል ለመሆን ተዘጋጅተው ከሸኹ አጠገብ ተቀምጠዋል። አባቴ አዲሱን ጀለቢያቸውን ለብሰው ከአጎቴ ኋላ፣ እንደ እንግዳ፣ ጥግ ይዘዋል። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። ሰው ሲስቅ አብረው ይስቁ ነበር። ያን ሳቅ ስለማውቀው ማየት አልቻልኩም።

ሙሽራው ሚክዳድ በዲላና በቡሌ መካከል የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ቃል የማያበዛ ልጅ ነው። ሸኹ "እንጀምር" ሲሉ ከመቀመጫው ተነሣና የአጎቴን እጅ በአክብሮት ስሞ "አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ከሐጂ እጅ ነው የምቀበላት" አለ። ሚክዳድ ምንጣፉን ተሻግሮ አባቴ ፊት ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠ፣ ቀኝ እጃቸውን ያዘና ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ በሾፌር ድምፁ ጮኸ፦

"ሐጂ! ሒባን ይዳሩልኝ!"

አባቴ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት አሉና "ቀስ በል የኔ ልጅ፤ ሐራጅ ላይ አይደለንም" አሉት።

ሳቁ ጣራውን ሊነቅለው ደረሰ። ከዚያ ሸኹ ቃሉን አስጀመሩ፤ አባቴ ልጃቸውን የዳሩበትን ቃል አንዲት ፊደል ሳያስቀሩ፣ በማይንቀጠቀጥ ድምፅ ተናገሩ። ሚክዳድ "ተቀብያለሁ" አለ። አባቴ ከንፈሩን እያዩ ነበር፤ ግን እርግጠኛ አልሆኑም። ወደ ሸኹ ዞረው "ምን አለ?" ብለው ጠየቁ። ሸኹ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሳሎኑ ውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ያለነውም ሴቶች፣ አመለወርቅም ጭምር በአንድ ድምፅ "ተቀብሏል!" አልን። መስኮቱ ነዘረ።

"ሰማሁ" አሉ አባቴ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። "አሁን ሰማሁ።"

ይህን የምጽፍልዎት "እንግዲያውስ ምን ቸገራችሁ?" እንዲሉኝ አይደለም። የሚያስቸግረኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ሚክዳድ ከወንድሞቹ ጋር መክሮ ለአባቴ እውነተኛውን መሣሪያ ከሐኪም ቤት ሊገዛላቸው ተነሣ። እኔ በደስታ ነገርኳቸው፤ በወረቀት ጽፌም አሳየኋቸው። አነበቡትና ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። "ይቅር፤ ሌላ የማላውቀው ሰውዬ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ እንዲጮህ አልፈልግም" አሉ። ስለ እናንተው ሬዲዮ ማለታቸው ነው። ለመንኩ፣ ሒባ ለመነች፣ አጎቴ ተቆጡ። አልሆነም። ክቡር ሆይ፣ እኔ የምጠይቅዎት ገንዘቤን ነው፤ እሱን ልትመልሱልኝ ትችላላችሁ። የዚያን ቀን "ሰው አለ" ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን ብርሃን ግን የምትመልሱበት አንቀጽ በውላችሁ ውስጥ የለም፤ አመለወርቅ እስከ መጨረሻው አንብባዋለች።

ከሠርጉ በኋላ ቅሬታዬን ለእርስዎ ክፍል በይግባኝ አቀረብኩ። በቸርነትዎ ውሳኔው ተሻሻለ፦ ዕቃውን በራሴ ወጪ ከመለስኩ የከፈልኩት ገንዘብ "በመጫረቻ ነጥብ" እንደሚሰጠኝ አሳወቃችሁኝ። ነጥቡ በጥሬ ገንዘብ አይለወጥም፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ የሚያገለግለው በማለፊያ ጨረታ ላይ ለመጫረት ብቻ ነው። በእባብ የተነደፈን ሰው ካሳ ብሎ እባቡን እንደ ማስታቀፍ ያለ ፍርድ ነው። ቢሆንም ዕቃው ቤት ውስጥ ባይኖር ይሻላል ብዬ ላክሁላችሁ።

ባለፈው ሰኞ ሒባ ከአዲሱ ቤቷ ደወለችልኝ። "ገጻቸውን አይተሽዋል?" አለች፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ከፈትኩት። ያችው ጥቁር ባቄላ፣ በዚያው የሐሰት ፎቶ፣ እንደገና ለጨረታ ቀርባለች። መግለጫው ግን አድጓል፦ "የመስሚያ መሣሪያ፣ በአዛውንት ተሞክሮ የተረጋገጠ። የቀድሞው ተጠቃሚ በስልክ በግልጽ ተነጋግረውበታል።" አባቴን ምስክር አደረጋችኋቸው። ሃምሳ ዓመት ሲነግዱ በአንድ ክንድ ጨርቅ እንኳ ሐሰት ያልመሰከሩትን ሰው።

ከሥሩ ተጫራቾች ገብተዋል። ከእነሱ አንዱ በአስተያየት መስጫው ላይ "ለእናቴ ነው የምፈልገው፤ ጥሩ ይሰማል?" ብሎ ጠይቋል። እኔ እውነቱን ጻፍኩለት፤ ጽሑፌ ወዲያው ተሰረዘ። ደግሜ ጻፍኩ፤ አስተያየት የመስጠት መብቴ ታገደ። የመጫረት መብቴ ግን አልታገደም፤ እሱ ለእናንተ ጥቅም ስላለው ይሆናል። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ለካሳ የሰጣችሁኝን ነጥብ አውጥቼ ለዚያች ሬዲዮ ተጫረትኩ። የዚያ ሰው እናት ወንበራቸውን ወደ ብርሃን አስጠግተው እንዳይቀመጡ ብዬ። ሰውየው ሲጨምር ጨመርኩ፤ እናቱን ምን ያህል እንደሚወድ ከእያንዳንዱ ጭማሪ አየሁ፤ እሱም በዚያች ሰዓት እንደጠላኝ አልጠራጠርም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ዝምታዎ፣ ቅሬታችንን ሳትሰሙ "ተሰምቷል" ስለምትሉበት ፍጥነት፣ እንዲሁም አንድ ቤተሰብ ሰው በሰው እንደሚሰማ እንዲያውቅ ስላደረጋችሁበት ውለታ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንዲሰፋ፣ በርዎ እንዲጠብቅ፣ ስምዎም እስከ ዘለዓለም ተሰውሮ እንዲኖር በመመኘት፣ ለማዕረግዎ የሚገባውን ያህል ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

የጨረታችሁ ተደጋጋሚ አሸናፊ፣
ሱመይራ ረሻድ
ከዲላ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳልለጥፈው "እንኳን ደስ አለዎት!" የሚለው መልእክታችሁ ርችቱን ይዞ ደረሰኝ፤ አሸንፌያለሁ። እባክዎ ዕቃውን ወደ ዲላ አይላኩት። እርስዎ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ይቀመጥልኝ፤ በቅሬታ ሰሚ ክፍል ውስጥ ድምፅ የሚቀበል አንድ ነገር እንኳ ቢኖር ለድርጅቱ ስም ጥሩ ነው።